የአሮጌዋ ፒካፕ እግሮች

አንዳንዱ ሰው ከአባቱ መሬት ይወርሳል፣ አንዳንዱም ቤት፤ ለእኛና ለታላቅ ወንድማችን የደረሰን ግን ሳሪስ ባለው ግቢያችን ጥግ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ሰባት ዓመት ሙሉ የቆመች አንዲት ቮልስዋገን ፒካፕ ናት። ወንድማችን «በኪሎ ተመዝና ለብረት ገዢ ትሸጥ» ይላል፤ እኛ «ትጠገን» እንላለን፤ እናታችን በመካከላችን ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ፤ እንዲህ ሆኖ አንድ ክረምት አለፈ። በመጨረሻም ወንድማችን «እስከ ፋሲካ ድረስ በገዛ እግሯ ከዚህ በር ከወጣች አልናገርም፤ ካልወጣች ግን ትሸጣለች» ብሎ ቀን ቆረጠልን።

«በገዛ እግሯ» ያለው ሳያስበው ነው እንጂ ችግሩ ሁሉ ያለው በእግሯ ላይ ነበር። የሞተሩን ነገር እዚህ አናትትም፤ የቮልስ ሞተር የሚያውቅ መካኒክ በአዲስ አበባ ዛሬም ስለማይጠፋ፣ በሁለት ቅዳሜ ሥራ ተነሥቶ ሲያጉረመርም ሰማነው። ቸርኬዎቹ ግን ሌላ ታሪክ ናቸው።

ፋብሪካው ይህን ዐይነት መኪና መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 በቮልፍስቡርግ ሲሆን፣ ጀርባዋ ክፍት የሆነው ፒካፕ በ1952 ተጨመረች፤ በ1956ም ሥራው ወደ ሃኖቨር ተዛወረ። የእኛይቱ በ1962 የተሠራች መሆኗን ሊብሬዋ ይመሰክራል። ሞተሯ ከኋላ ስለ ሆነ የጭነት ወለሏ ከፍ ያለ ነው፤ ከወለሉም ሥር በጎን የሚከፈት ሣጥን አላት። አባታችን በዚያ ሣጥን ውስጥ ገመድና ሸራ ያኖሩ ነበር፤ አንዳንድ ቀንም ለእኛ ብርቱካን ይዘውበት ይመጡ ነበር።

የእነዚህ መኪናዎች ቸርኬ በመጀመሪያ ባለ 16 ኢንች ነበረ፤ እ.ኤ.አ. ከ1955 ወዲህ ባለ 15፣ ከ1963 ነሐሴ ወዲህ ደግሞ ባለ 14 ኢንች ሆነ። ስለዚህ ለእኛይቱ የሚገባት ባለ 15 ነው፤ ጎማውም 6.40 በ15 የሚባለው። አምስቱ ብሎኖች የሚያርፉበት ክብ 205 ሚሊሜትር ስፋት ስላለው፣ ዛሬ ከተማውን የሞላው የጃፓን መኪና ቸርኬ ከቶ አይገባበትም። ጥላውን ገልጠን ጎንበስ ብለን ስንመለከት ያገኘነው ይህ ነው፦ ከኋላ ሁለቱ ከኋለኛ ዘመን ኮምቢ የመጡ ባለ 14፤ ከፊት ግራው የትንሿ ቮልስ ቸርኬ፣ ይኸውም አምስቱን ብሎን የሚቀበል ነገር ግን ጭነት ሳይሆን ሰው እንዲሸከም የተሠራ፣ ጎማውም ቀጠን ያለው 5.60 የሆነ፤ ከፊት ቀኙ ትክክለኛው ባለ 15፣ ግን በሦስት ስፍራ በብየዳ የተጣፈ። መኪናይቱ ቆማ ስትታይ አንድ እግሯን ያመማት በቅሎ ትመስል ነበር። የመሐል ክዳኖቹ አንድም አልተገኙም።

ጎሚስታው የተጣፈውን ቸርኬ በጣቱ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ካዳመጠ በኋላ «ይህ ጎፋ ቁልቁለት ላይ ሰው ይገድላል» አለን። እኛም በልባችን አባታችንን ወቀስናቸው። ያገኙትን ሁሉ እየለጠፉ የነዱ፣ ለነገ የማያስቡ ሰው አድርገን ቆጠርናቸው።

ሦስት ቅዳሜ ሶማሌ ተራ ዋልን፤ ከዚያም ምናለሽ ተራ ወረድን። አንድ ነጋዴ እንደ መስተዋት የሚያበሩ ክዳኖች አምጥቶ «ይኸው፣ ሙሽራ ያደርጋታል» አለን። ዐይናችን ተማርኮ ነበር። ነገር ግን የሚያበራው ክዳን የተሻለ ዋጋ ላላቸው ለሰው መጫኛዎቹ የሚሰጥ ነበር እንጂ፣ ለሥራ የተሠራችው ፒካፕ የምትወጣው ቀለም በተቀባ ተራ ክዳን ነው። ክዳኑንም የሚይዘው በቸርኬው ላይ ያለ ቅንጥብ ስለ ሆነ፣ ቅንጥቡ የረገፈበት ቸርኬ ላይ የተገጠመ ክዳን በመጀመሪያው ኮብልስቶን ላይ ተንከባሎ ይቀራል። ነጋዴው ይህን ስንነግረው ከሚያበራው ይልቅ የደበዘዘውን የሚፈልግ ደንበኛ በማየቱ ተገረመ። ሌላም ጠባይ ነበረን። በመዝገብ ቤት ስንሠራ የደብዳቤ ቀንና ቁጥር ሳናይ ወረቀት መቀበል ስለማንወድ፣ ቸርኬም ቢሆን ከብረቱ ላይ የተመታውን ልክና የተሠራበትን ወርና ዓመት ጭቃውን ጠርገን ሳናነብ አንነካም ነበር። በዚህ ምክንያት በሶማሌ ተራ «ኦዲተሩ» የሚል ስም ወጣልን።

ባዶ እጃችንን በተመለስንበት በሦስተኛው ቅዳሜ ማታ ስለ አባታችን አንድ የማይገባ ቃል ከአፋችን አመለጠ። እናታችን እንዝርቱን አስቀመጡ።

«አባትህን አትማው» አሉን። «አንተ ዘጠነኛ ክፍል በገባህበት ዓመት ሞተሯ ተሰብሮ ሥራ ፈታ ነበር። የትምህርት ቤቱ ክፍያ ሲደርስ አራቱንም እግሯን ከነጎማው፣ ከነክዳኑ ቢሾፍቱ ወስዶ ለጋሪ ሠሪ ሸጠው። ለአንተ ጥገና ላይ ናት ተባልህ። አራት ወር በድንጋይ ላይ ቆማ ከረመች። ከዚያ በኋላ ነው አንድ ባንድ ያገኘውን እየገዛ ያቆማት።»

ያ ዓመት 1998 ዓ.ም. ነበረ። በድንጋይ ላይ ቆማ ያየናት ትዝ ይለናል፤ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠን አልጀብራ ያጠናነውም እኛው ነን። ምክንያቱን ግን ጠይቀን አናውቅም።

በሚቀጥለው እሑድ ቢሾፍቱ ወረድን። ከሃያ ዓመት በፊት የተሸጠ ብረት እናገኛለን ብለን አይደለም፤ ብቻ በሌላ ስፍራ መፈለግ አልቻልንም። ባለጋሪዎች በሚሰለፉበት መንገድ ዳር ከጋሪ ወደ ጋሪ እየዞርን ከሥር ጎንበስ ስንል፣ አንዱ ወጣት «ፈረስ የሚያይ ገዢ እናውቃለን፤ ጎማ የሚያይ ግን ዛሬ ገና አየን» ብሎ ጓደኞቹን አሳቀብን። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በአንድ ጋሪ ሥር አምስት ብሎኖች በሰፊ ክብ ተቀምጠው አየን። በመሐረባችን ጠርገን ብናነብ 15 የሚልና 62 የሚል ቁጥር ወጣ። በሌላውም ጎን እንዲሁ።

ባለጋሪው ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ኮታችንንና ከራቫታችንን አይተው ደነገጡ።

«ምን አጠፋሁ ጌታዬ? ግብሩን ከፍያለሁ።»

«ምንም አላጠፉም ጋሼ። እነዚህን ቸርኬዎች ከወዴት አገኟቸው?»

«ጋሪውን ስገዛ ከሥሩ ነበሩ።»

ጉዳያችንን አስረዳናቸው። እስኪጨርሱ ሳቁና ፈረሳቸውን ግንባሩን እያሻሹ «እንግዲህ ለርስዎ ጌጥ ነው፤ ለእኔ ግን እንጀራ ነው» አሉን።

መልስ አልነበረንም። ተሰናብተን በምሽቱ ሚኒባስ ተመለስን። አባታችን እኛን ለማስተማር የሸጡትን የመሰለ ብረት፣ አሁን የሌላ ሰው ልጆች ከሚማሩበት ጋሪ ሥር ማውጣት አግባብ ነውን? ሳምንቱን ሙሉ በቢሯችን ስንቀመጥ የምናስበው ይህንን ነበር። መኪናይቱን በዚያ ቸርኬ ላይ ማየት ደግሞ አጥብቀን ፈለግን፤ ይህንንም አንደብቅም።

የጋሪ ሥራ የሚያውቅ ሰው ስንጠይቅ፣ ቸርኬው ብቻውን ቢወጣ ጋሪው በምንም ሌላ ቸርኬ እንደማይሄድ፣ አክስሉ ከነሞዞው አብሮ መለወጥ እንዳለበት ነገረን። ስለዚህ ከሶማሌ ተራ የአንዲት ትንሽ ቶዮታ የኋላ አክስል ከነሞዞው፣ ከነቸርኬውና ደህና ከሆነ ጎማው ጋር ገዛን። የሁለት ወር ደመወዛችን በዚያ ሄደ። አክስሉን በአይሱዙ አስጭነን ቢሾፍቱ ስንደርስ ባለጋሪው ጎማውን በእግራቸው ረገጥ አደረጉት፣ ሞዞውን አሽከረከሩት፣ ከዚያም «እኔ እሺ ብል ምን ይረባል፤ ፈረሱ ይይው» አሉ። ብየዳው ሁለት ቀን ስለ ፈጀ የሁለቱን ቀን ገቢ ከፈልናቸው። በሦስተኛው ቀን ፈረሱን ጠምደው እስከ ሐይቁ መንገድ ሄደው ተመለሱ። ከጋሪው ሳይወርዱ «ቀለለው» አሉ። ያን ጊዜ ነው ቸርኬዎቹ የእኛ የሆኑት።

ስንለያይ ወደ ቤታቸው ወስደው ቡና አጠጡን። በግቢው ውስጥ ዶሮዎች ውሃ ሲጠጡበት ያየነው ሳሕን ዐይናችንን ሳበው፤ ተገልብጦ የተቀመጠ የቮልስ ክዳን ኖሯል፣ ቀለሙ ጥቂት የቀረለት። ባለጋሪው ያለ ዋጋ ሊሰጡን ወደዱ። ባለቤታቸው ግን «ዶሮዎቹስ በምን ይጠጡ?» ብለው ስለ ከለከሉ ከሱቅ የላስቲክ ሳሕን ገዝተን ለወጥን።

የአባታችን ይሁኑ አይሁኑ ለማወቅ አይቻልም። በዚያ ዓመት የተሠራ ቸርኬ ብዙ ነው፤ ቁጥሩም ስም አይናገርም። እናታችን ግን አንዱን በእጃቸው ዳስሰው ጥቂት ቆዩ፤ ምንም አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

ጎሚስታው ቸርኬዎቹን አሽከርክሮ ቀጥ ያሉ መሆናቸውን አረጋገጠ፤ ዝገታቸው ተጠርጎ ግራጫ ነጭ ተቀቡ። 6.40 ጎማ ስላልተገኘ የሚቀርበውን ባለ 15 ገጠምን። ሁለቱን ከፊት አደረግናቸው፤ የተጣፈው ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ከኋላ ባለ 14ቱ ስላሉ መኪናይቱ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ የምትኮራ መሰለች። አንዲቱንም ክዳን በፊት ግራው ላይ ገጠምናት።

ከፋሲካ በፊት ባለው ቅዳሜ በሩን ከፍተን ወጣን። እስከ አደባባዩ ሄደን ስንመለስ ወንድማችን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። መኪናይቱን አንድ ጊዜ ዞራት፤ ከኋላዋም ሲደርስ ጎንበስ አለ።

«የኋላዎቹስ?» አለን።

ሞጆ ላይ አንድ ጋሪ እንዳለ ነገርነው።