ሰርኪት ቦርድ እቤት ይሠራል
አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ የመመረቂያ ፕሮጀክት ይዛችሁ ከቻይና ቦርድ የምትጠብቁ ልጆች፣ እኔ እቤት የምሠራው እንዲህ ነው።

የሚገዛው የመዳብ ሰሌዳና ፌሪክ ክሎራይድ ነው። ስዕሉን ፎቶኮፒ ቤት በሚያብረቀርቅ የመጽሔት ወረቀት ላይ አሳትማለሁ። ፕሪንተሩ ሌዘር ይሁን፤ ቶነር ፕላስቲክ ስላለበት ነው በካውያ ቀልጦ መዳቡ ላይ የሚጣበቀው። የኢንክጄት ቀለም አይሆንም። መዳቡን ቀድሜ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ እፈትገዋለሁ፤ የጣት ቅባት እንኳ ቶነሩ እንዳይዝ ያደርጋል።

ከካውያው በኋላ ወረቀቱን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ አነሳለሁ። የተቆረጠ መስመር ካለ በማይለቅ ማርከር እቀጥላለሁ። ፌሪክ ክሎራይዱ፣ በፕላስቲክ ዕቃ፣ ቶነር ያልሸፈነውን መዳብ ይበላዋል። የቀረውን ቶነር አሴቶን ያጠራዋል።

ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ። ያገለገለውን ፈሳሽ ቦይ ውስጥ እንዳትደፉት፤ መዳብ አለበት።

ጥቅሙ ዋጋው ብቻ አይደለም። ዲዛይኑ ስህተት ካለው ማታውኑ ታውቁታላችሁ፤ ነገ ሌላ ትሠራላችሁ።