የልጄ ልደትና የዘገየው ዐቂቃ



ነገሩ የጀመረው በአንዲት ካርድ ነው። በ2018 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ትንሿ ልጄ ከመዋዕለ ሕፃናት ስትመለስ ቦርሳዋ ውስጥ የታጠፈች ሮዝ ካርድ አገኘሁ። የክፍል ጓደኛዋ የልደት ጥሪ ነበረች። ልጄ ፊደል ገና አልለየችም፤ ካርዷ ላይ የተሣለውን ኬክ ግን በሚገባ ለይታዋለች። «ኡሚ፣ የእኔስ መቼ ነው?» አለችኝ።

የሒሳብ መምህርት ነኝ። አርባና ሃምሳ ተማሪ ፊት ቆሜ ለሚቀርብልኝ ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልስ አላጣም። ለዚህች ጥያቄ ግን «እናያለን» ከማለት በቀር የምመልሰው አልነበረኝም።

እኔ ያደግሁት እዚሁ መቐለ፣ ጧት መድረሳ ከሰዓት ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤት እየተማርኩ ነው። በቤታችን ልደት ማክበር የሚባል ነገር አይታወቅም። እናቴ የተወለድኩበትን ጊዜ የምታስታውሰው በዝናቡ ነበር፤ «ክረምቱ ሊገባ ሲያጉረመርም» ትለኛለች። በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ያለው ቀን መዝጋቢው ፊቴን አይቶ ገምቶ የጻፈው ነው። እስከ ዛሬም በየመታወቂያዬ ላይ እርሱ ይከተለኛል። እንዲህ ሆኖ ያደገ ሰው የልጁን ልደት አስቦ ለማዘጋጀት ቢቸገር የሚገርም አይመስለኝም።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። እርሱ አናጢ ነው፤ ቃሉ እንደ ሚስማሩ አጭር ነው። «ልደት የእኛ አይደለም። ሻማ ማጥፋትማ ጨርሶ አይታሰብም» አለ። እኔም በልቤ ከእርሱ የራቅሁ አልነበርኩም። ነገር ግን ልጅቷ በሚቀጥለው ቀን ከጓደኛዋ ቤት የወረቀት ቆብ አድርጋ፣ የዚያን የታወቀውን የልደት መዝሙር ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በራሷ ቋንቋ እያንጎራጎረች ስትመለስ አንጀቴን በላችው። (ስለዚህ መዝሙር በኋላ ሳነብ አንድ ነገር ገረመኝ። ዜማው በመጀመሪያ ለልደት የተሠራ አይደለም። በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት፣ በሉዊቪል ከተማ ፓቲ ሒልና ሚልድረድ ሒል የተባሉ እህትማማቾች ለመዋዕለ ሕፃናት ልጆች የጧት ሰላምታ እንዲሆን አዘጋጅተውት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1893 የታተመ ነው። ፓቲ ራሷ የሕፃናት መምህርት ነበረች። ለካ የሙያ ባልደረባዬ ሥራ ኖሯል!)

ሁለታችንም ተያይዘን የሰፈራችንን መስጊድ ሸኽ ጠየቅናቸው። ሸኹ አልተቆጡም። ከዑለሞች መካከል ልደት ማክበርን የሌሎችን ሃይማኖት ፈለግ መከተል ነው ብለው የሚከለክሉ መኖራቸውን፣ ዒባዳ እስካልተደረገና ሐራም እስካልገባበት ድረስ እንደ ማንኛውም የሰዎች ልማድ የሚያዩት መኖራቸውንም ገለጹልን። ቀጥለው፣ «ለመሆኑ ዐቂቃዋ ወጥቷል?» ብለው ጠየቁ። እኔና ባለቤቴ ተያየን።

አልወጣም።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደኋላ ልመለስ። ልጄ የተወለደችው ጥቅምት 15 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ መውሊድ ካለፈ ሳምንት ገደማ ነው። ከሰኔ 2013 መጨረሻ ጀምሮ ባንክ ተዘግቷል፤ ስልክና መብራትም ተቋርጠዋል። በዚያው በጥቅምት ወር መቐለ በተደጋጋሚ ከአየር ተደብድባለች። ምጥ ሲይዘኝ የምፈራው ምጡን ይሁን ሰማዩን እስካሁን ለይቼ አላውቀውም። ልጅቷ በሰላም መጣች፤ አልሐምዱ ሊላህ። በሰባተኛው ቀን ስም ወጣላት፣ ፀጉሯም ተላጨ። በጉ ግን አልታረደም። ነገሩ ገንዘብ ስላልነበረን አይደለም፤ ነበረን፣ ባንክ ውስጥ! ከደመወዛችን ያጠራቀምነውን ብር ደብተሩን ከፍተን እናየው ነበር፤ ልናወጣው ግን አንችልም። «ባንክ ሲከፈት እናደርገዋለን» ተባባልን። ባንክ ሲከፈት ደግሞ ብሩ የሚጠብቀው ሌላ ብዙ ነገር ነበር። ኪራይ ነበር፣ የተበደርነው እህል ነበር። በመሆኑም ዐቂቃው ከዓመት ወደ ዓመት ተላለፈ፤ ቆይቶም ስሙን ማንሳት ተውን።

ሸኹ አረጋጉን። ዐቂቃ ሱና እንጂ እንደ ዘካ ግዴታ አይደለም፤ ሳይችሉ ቀርተው ቢያልፍ የሚያስጠይቅ አይደለም አሉ። መሠረቱ በሰባተኛው ቀን ነው፤ ካልሆነ በአሥራ አራተኛው፣ ካልሆነም በሃያ አንደኛው። በሻፊዒ መዝሀብ ደግሞ ልጁ ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን እስኪደርስ ድረስ ለአሳዳጊው በሩ ክፍት ነው። ለሴት ልጅ አንድ በግ ይበቃል። ከመስጊድ ስንወጣ ባለቤቴ «ልጅቷ ድግስ ፈልጋለች፤ ድግሱ አለ ማለት ነው» አለ። እርሱ ይህን ያህል መናገሩ ለእኔ ረጅም ንግግር ነበር።

ቀኑን መምረጥ የእኔ ሥራ ሆነ። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በአሥራ አንድ ቀን ገደማ ያንሳል፤ በአራት ዓመት አርባ አራት ቀን ይሆናል። ከጥቅምት 15 አርባ አራት ቀን ወደኋላ ስቆጥር መስከረም 1 ላይ ወደቅሁ። እንግዲህ ልጄ በሒጅራ አቆጣጠር አራት ዓመት የሞላት ያቺ ሮዝ ካርድ ከመምጣቷም በፊት በእንቁጣጣሽ ገደማ ኖሯል፤ ሰፈሩ ሁሉ በዓል ላይ እያለ እኛ ግን አላስተዋልንም። ባለቤቴ የልደቷን ቀን እንዳንጠብቅ ፈለገ፤ እኔም ተስማማሁ። ሁለታችንም ሥራ የሌለን እሑድ ጥቅምት 23 እንዲሆን ወሰንን። ያ ቀን የፕሪቶርያው ስምምነት የተፈረመበት፣ በ2015 ዓ.ም. ጠመንጃው ዝም እንዲል የተባለበት ቀን መሆኑን ያስታወሰችን ጎረቤታችን ናት። እኛ አላሰብነውም ነበር።

በጉ ከአንድ ወር ደመወዜ ከግማሽ በላይ ወሰደ። ስለዚህ ለሌላው ነገር ሁሉ የቀረን እጃችን ብቻ ነበር። ኬክ ቤት የሚሠራው ኬክ፣ በፋብሪካ የታተመ ማስጌጫ፣ የሚከራይ ወንበር የማይታሰብ ሆነ። ያኔ የእናቴ ሳንዱቅ ትዝ አለኝ።

እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ልጄ ስምንት ወር ሳይሞላት፣ የስኳር በሽታ መድኃኒት ከከተማው በጠፋበት ጊዜ ነው የሞተችው። ሳንዱቋን ከዚያ ወዲህ አልከፈትኩትም። አንድ ቅዳሜ ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ከፈትኩት። የዕጣን ሽታ ወጣ። ከላይ በቀይና በአረንጓዴ አለላ የተሠሩ ሦስት ሰፌዶች ነበሩ፤ ከሥር የሠርጓ ሻሽ፣ ጠርዙ የተበላ፤ ከዚያ አንዲት ክዳን ያላት ሙዳይ። ሙዳይዋ ውስጥ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር አገኘሁ። ስፈታው ፀጉር ነው፤ የሕፃን ልጅ ለስላሳ ጥቁር ፀጉር።

ሲላጭ ማን እንዳነሳው አላውቅም ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ፋጢማን የሐሰንን ፀጉር ላጭታ ክብደቱን ያህል ብር፣ ማለትም ነጩን ማዕድን፣ እንድትመጸውት ማዘዛቸው ተዘግቧል። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ይህን ሱና ግን ታውቀዋለች። ያኔ የሚመዝንም የሚመጸውትም ስላልነበረ «ባንክ ሲከፈት» ያልነውን እርሷ በጨርቅ ቋጥራ አስቀምጣው ኖሯል። ጨርቁን በእጄ እንደያዝኩ ብዙ ቆየሁ። ልጄ «ምንድን ነው?» አለችኝ። «ያንቺ ነው፤ አያትሽ አስቀምጣልሽ ነው» አልኳት። ፀጉሯን ነክታ፣ ከዚያ ቋጠሮውን ነክታ፣ «ደርቋል» አለች።

ሰኞ ዕለት ወደ ወርቅ ሠሪ ወሰድኩት። ሰውየው በመጀመሪያ የሚሸጥ ነገር መስሎት ነበር። ነገሩን ስነግረው ሚዛኑን በጨርቅ ወለወለና መዘነልኝ፤ ሁለት ግራም አልሞላም። የብሩን ዋጋ አስልቶ ነገረኝ፣ የመመዘኛ ግን አልቀበልም አለ። ገንዘቡ ትንሽ ነበር። ከተፈናቃዮች መካከል ሰፈራችን ለተጠጋች አንዲት እናት በዚያው ቀን ሰጠሁ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ወርክሾፕ ሆነ። የጥሪ ካርዶቹን ካለቁ ደብተሮች ሽፋን ቆረጥን። ድንች ለሁለት ከፍለን ባለቤቴ በቢላዋ ጨረቃ ቀረጸበት፤ ልጄ በቀይ ሥር ውኃ እየነከረች አተመችው። ስምንት ካርድ ላይ ስምንት ጨረቃ፣ ሁለቱ ተገልብጠው። ከአሮጌ መጽሔቶች ባለ ቀለም ገጾች ሰንሰለት ሠራን፤ የአላህ ስም ወይም አንቀጽ ያለባቸውን እየለየሁ ለብቻ አስቀመጥኩ፣ በዚህ ምክንያትም ግማሹ ክምር ሳይቆረጥ ተረፈ። ሙጫውን ከስንዴ ዱቄት አፈላሁ። የእናቴን ሰፌዶች ግድግዳው ላይ ሰቀልናቸው፤ ሻሿም የጠረጴዛ ልብስ ሆነ። አማቴ ከነጋሽ ሲመጡ ከበቆሎ ቆረቆንዳና ከቁራጭ ጨርቅ አራት አሻንጉሊት ሠርተው አመጡ፤ ፊት የላቸውም፣ የሁሉም ራስ ግን በሻሽ ተጠቅልሏል። እመቤታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በልጅነታቸው በአሻንጉሊት ይጫወቱ እንደነበር ስነግራቸው፣ «እንዴ፣ ታዲያ ሳናውቅ ነው ስንሠራ የኖርነው?» አሉና ሳቁ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ዓዲ ሐቂ ገበያ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ልገዛ ሄጄ አሥር ፊኛ ገዛሁ። በእጅ ብቻ እንሠራለን ያልኩት እኔው ነበርኩ።

በኬክ ፈንታ ሕምባሻ ጋገርኩ። ሊጡን ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድና ዘቢብ ጨምሬበት፣ ላዩን እናቴ እንደምታደርገው ከመሐል ወደ ጠርዝ እንደ ጋሪ ጎማ በቢላዋ ሸነሸንኩት። ለእያንዳንዱ ልጅም መዳፍ የምታህል ትንሽ ትንሽ ጨመርኩ። ትልቁ ሕምባሻ ምጣድ ላይ እያለ በር ተንኳኳ፤ ወሬ ያዝኩና ሥሩ አረረ። አማቴ ምንም ሳይሉ በቢላዋ ፋቁት፤ ገልብጠውም ሰፌድ ላይ አስቀመጡት።

በጉ ጧት ታረደ። ሥጋው እንደ ሱናው አጥንቱ ሳይሰበር በየመገጣጠሚያው ተለያየ፤ ለዚህ የተቸገረው ባለቤቴ ነው፣ መጥረቢያ የለመደ እጅ ቢላዋ ብቻ ያዝ ሲባል አይመቸውም። አንዱ ክፍል ለዘመድ፣ አንዱ ለችግረኛ ወጣ፤ የቀረውን ቀቀልነው። ከተጠሩት ስምንት ልጆች አምስቱ ክርስቲያኖች ስለነበሩ ለእነርሱና ለእናቶቻቸው ለብቻ ድስት የምስር ሳምቡሳ፣ ፈንዲሻና ሕምባሻ ተዘጋጀ። ሮዟን ካርድ የላከችው ልጅ እናት ድስቱ ለብቻ መሆኑን ስታይ ምንም አላለችም፤ እጅጌዋን ሰብስባ ሳምቡሳ መጥቀለሉን ያዘች።

ልጆቹ ግቢው ውስጥ ሰኞ ማክሰኞና ድብብቆሽ ተጫወቱ። ፊኛዎቹ ከዐሥር በፊት ሁሉም ፈነዱ። አማቴ ልጆቹን ሰብስበው የነጋሽን ታሪክ ነገሯቸው፤ ከመካ የተሰደዱትን ሙስሊሞች ክርስቲያኑ ንጉሥ እንዴት እንዳስጠጋቸው፣ አሳልፈህ ስጠን ሲሉትም እንዴት እምቢ እንዳለ። አንዱ ልጅ «ንጉሡ ፈረስ ነበረው?» ብሎ ጠየቀ። አማቴ «ሳይኖረው ይቀራል?» አሉ። ከዚያ ወዲያ ጥያቄው ሁሉ ስለ ፈረሱ ሆነ።

ሸኹ ዱዓ አድርገው ሄዱ። ልጄ ዱዓው ላይ ስሟ ሲጠራ ቀና ብላ «አቤት» አለች።

መግሪብ ከሰገድን በኋላ መብራት ጠፋ። የቀሩት ጎረቤቶችና ሁለት ልጆች ብቻ ነበሩ። ባለቤቴ በከበባው ጊዜ ከመድኃኒት ጠርሙስ የሠራትን ኩራዝ ከመደርደሪያ አውርዶ ለኮሰና ከተቆረሰው ሕምባሻ አጠገብ አስቀመጣት። እንዲህ ተቀምጠን ሻይ እየጠጣን ሳለ መብራቱ መጣ። ልጄ ኩራዟን አየች፣ ሕምባሻውን አየች፣ ከዚያ አባቷን አየች።

«አቢ፣ እፍ ልበላት?»

ሁላችንም ዝም አልን። እኔ ወደ ሻዬ አቀረቀርኩ።

«መብራት መጥቷል እኮ፤ ጋዙ ለምን ይቃጠላል» አለ ባለቤቴ።

ሦስት ጊዜ እፍ አለች፤ በሦስተኛው ጠፋች። ጢሱ ሕምባሻው ላይ ስለዞረ የቀረውን ቁራሽ በማግሥቱ ስንበላው ጋዝ ጋዝ ይል ነበር።