ቀይ የለበሱ ሰዎች ከተማ

ከምሳ በኋላ ሥራ ይቆም ነበር። ትራክተር ነጂው፣ ወጥ ቤቷ፣ ሐኪሙ፣ ጠበቃዋ፣ ሁሉም ቀይ ወይም ብርቱካናማ ልብሳቸውን እንደለበሱ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘው ይሰለፋሉ። አንገታቸው ላይ 108 ፍሬ ያለው የእንጨት መቁጠሪያ አለ፤ ጫፉ ላይ የአንድ ጺማም ሰው ፎቶ ተንጠልጥሏል። ጊታርና ከበሮ ይመታል፣ ይዘፈናል። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ሮልስ ሮይስ ቀስ እያለች ብቅ ትላለች። መሪውን የያዘው ባለፎቶው ሰው ራሱ ነው። ሰዉ አበባ ይወረውርለታል፤ የሚስቅ አለ፣ የሚያለቅስ አለ። መኪናዋ ስታልፍ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል።

ቦታው የአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ነው፤ ዘመኑ ከ1981 እስከ 1985 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከተማዋ ራጅኒሽፑራም ትባል ነበር። ዛሬ የለችም። እዚያ የኖሩ ሰዎች ግን ሸምግለውም ስለ እሷ ሲናገሩ ፊታቸው ይበራል። በ2018 በወጣው «ዋይልድ ዋይልድ ካንትሪ» በተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ላይ ያንን ጊዜ እያነሱ ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር አይቻለሁ። አምናቸዋለሁ። የሚያስጨንቀኝም ደስታቸው እውነተኛ መሆኑ ነው።

የባለፎቶው ሰው ስም ቻንድራ ሞሃን ጄይን ነው፤ ራጅኒሽ የቤት ስሙ ነበር። በ1931 በማዕከላዊ ሕንድ ተወልዶ በጀባልፑር ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ሲያስተምር ቆየ፤ በ1966 ሥራውን ለቆ በየከተማው እየዞረ መናገር ጀመረ። አንደበተ ርቱዕ ነበር። ጋንዲንም፣ ሶሻሊዝምንም፣ የሃይማኖት አባቶችንም ሳይፈራ ነቀፈ፤ ስለ ወሲብ በአደባባይ በመናገሩ የሕንድ ጋዜጦች «የወሲብ ጉሩ» አሉት። ከአውሮፓና ከአሜሪካ የጎረፉለት ወጣቶች የ1960ዎቹ ተስፋ ከእጃቸው ያመለጣቸው፣ ቢሮውም ትዳሩም ያልሞላላቸው ነበሩ። የዋሆች ናቸው ብሎ ማለፍ ስህተት ነው። የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኋላ ሲያጠኗቸው አብዛኞቹ ባለ ዲግሪ ሆነው ተገኝተዋል።

በ1970 ያስተዋወቀው «ዳይናሚክ ሜዲቴሽን» እግር አጣጥፎ ዝም ብሎ መቀመጥ አይደለም። በማለዳ ይጀመራል፤ አንድ ሰዓት ይፈጃል። መጀመሪያ አስር ደቂቃ በአፍንጫ በኃይል፣ ያለ ምት ይተነፈሳል። ቀጥሎ አስር ደቂቃ የታመቀው ሁሉ ይወጣል፦ የሚጮኸው ይጮኻል፣ የሚያለቅሰው ያለቅሳል፣ ወለል የሚደበድብ አለ። ከዚያ ሌላ አስር ደቂቃ እጅን ወደ ላይ ዘርግቶ «ሁ! ሁ!» እያሉ መዝለል ነው። ድንገት «ቁም!» ሲባል ሁሉም ባለበት ሁኔታ አስራ አምስት ደቂቃ ደርቆ ይቀራል፤ ማከክ የለም፣ ማሳል የለም። መጨረሻው ጭፈራ ነው። እንባውን ውጦ ላደገ ሰው ይህ ስንት ዘመን የተሸከመውን እንደሚያራግፍለት መገመት አያዳግትም። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ይመስለኛል። እፎይታውን ያገኘው በራሱ እንባና በራሱ ላብ ሆኖ ሳለ፣ ምስጋናውን በሙሉ ፎቶው ላይ ላለው ሰው ሰጠ።

በ1974 ሕንድ ፑኔ ከተማ ውስጥ በተከፈተው አሽራም (የማኅበሩ መንፈሳዊ መኖሪያ) በር ላይ፣ ጫማንም አእምሮንም ውጭ ትቶ መግባት እንደሚገባ የሚናገር ጽሑፍ ነበር። ጉሩው አስምና አለርጂ ስለነበረበት ወደ አዳራሹ የሚገባው ሰው ሁሉ ፀጉሩ ይሸተታል፤ የሽቶ ወይም የሻምፖ ሽታ ያለበት ይመለሳል። በአንዳንዶቹ የቡድን ሕክምናዎች ድብድብ ይፈቀድ ስለነበር አጥንቱ የተሰበረ ሰውም ነበር። ይህንንም «መንጻት» ብለው ተቀበሉት።

በ1981 ጉሩው ዝምታ ገብቻለሁ ብሎ ለሕዝብ መናገር ሲያቆም፣ ሥልጣኑ በጸሐፊው በማ አናንድ ሺላ እጅ ገባ። ኦሪገን ውስጥ 64,000 ኤከር በረሃማ የከብት እርባታ መሬት በ5.75 ሚሊዮን ዶላር የገዛችው እሷ ናት። ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ጥቂት ሺህ ሰዎች ያለ ደመወዝ፣ ሥራውን «አምልኮ» ብለው ሰይመው፣ በቀን አስራ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ እየደከሙ ግድብ ገደቡ፣ መንገድ ጠረጉ፣ አትክልት አለሙ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ሳይቀር ሠሩ። የጉሩው ሮልስ ሮይሶች ደግሞ 93 ደረሱ።

የራጅኒሽፑራም ጎረቤት አንቴሎፕ አርባ ያህል ነዋሪ ብቻ ያላት፣ ጡረተኞች የሚበዙባት መንደር ነበረች። ተከታዮቹ ገብተው ድምፅ ሰጡና ምክር ቤቷን ያዙ፤ ስሟንም ራጅኒሽ አሏት። በ1984 ደግሞ የአውራጃውን ምርጫ ለማሸነፍ ከየከተማው ጎዳና ተዳዳሪዎችን በአውቶቡስ አመጡ። የመራጭነት ምዝገባቸው ሲከለከል እነዚያን ምስኪኖች ወስደው በየከተማው በተኗቸው። በዚያው ዓመት መስከረምና ጥቅምት ላይ በአውራጃው ውስጥ ዘ ዳልስ በምትባለው ከተማ በአስር ምግብ ቤቶች ተመጋቢው ራሱ በሚያነሳው ሰላጣ ላይ የሺላ ሰዎች ሳልሞኔላ ባክቴሪያ ጨመሩ። ዓላማው በምርጫው ቀን መራጩን አልጋ ላይ ማስቀረት ነበር፤ ይሄኛው ሙከራ ነበር። 751 ሰዎች ታመሙ። ማንም አለመሞቱ ዕድል ነው።

መስከረም 1985 ላይ ሺላ ወደ አውሮፓ ሸሸች። ዝምታውን የተወው ጉሩ ጋዜጠኞችን ጠርቶ ወንጀሉን ሁሉ በእሷና በግብረ አበሮቿ ላይ ደፈደፈው። እሱ በመመረዙ ወንጀል አልተከሰሰም፤ የተቀጣው በኢሚግሬሽን ማጭበርበር ነው፤ 400,000 ዶላር ከፍሎ አገሩን ለቆ ወጣ። እኔ ግን ነጻ ላወጣው አልችልም። ሺላን የሾማት እሱ ነው፤ ሰዎቹ አእምሯቸውን ውጭ ትተው እንዲመጡ ያስተማራቸውም እሱ ነው። ወደ ፑኔ ተመልሶ ስሙን ኦሾ አሰኘ፤ በጥር 1990 በ58 ዓመቱ ሞተ። መጽሐፎቹ ዛሬም ይሸጣሉ። በራጅኒሽፑራም መሬት ላይ አሁን የክርስቲያን ወጣቶች ካምፕ አለ፤ አንቴሎፕም የቀድሞ ስሟን መልሳለች።

በዚያ ሁሉ ጭፈራ መሃል ልጆችም ነበሩ። ወላጆቻቸው በሥራና በተመስጦ ተጠምደው ሳለ ልጆቹ ለብቻቸው ያድጉ ነበር። በ2024 በወጣው «ችልድረን ኦፍ ዘ ከልት» ፊልም ላይ፣ በእንቅስቃሴው ማኅበራት ውስጥ ያደጉ ሴቶች በልጅነታቸው በአዋቂ ወንዶች የደረሰባቸውን ወሲባዊ ጥቃት በራሳቸው አንደበት ተናግረዋል። ጥቃቱ የተፈጸመው ፍቅር ሞልቶ ፈሰሰበት በሚባለው በዚያው ዘመን ነው። ስለ ራጅኒሽፑራም ሲወራ ቀድሞ መሰማት ያለበት የእነሱ ትዝታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አዋቂዎቹ አርባ ዓመት ሙሉ የራሳቸውን ሲያወሩ ኖረዋልና።