ስለ አባቴ፣ ስለ ፓርኪንሰንና ስለዚያ የስቴም ሴል ቪዲዮ

"አባታችሁን ለህክምና ውጭ ልትልኩት ነበር፣ ለምን ቀረ?" እያላችሁ በኢንቦክስም በመንገድም የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አባቴ ፓርኪንሰን አለበት። ከታወቀ አራት ዓመት ሆነው። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ "እርጅና ነው" ሲባል ነበር። እጁ ሲንቀጠቀጥ ያየ ደግሞ ሌላ ሌላም ጠርጥሯል። እኔን ግን ከመንቀጥቀጡ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ፊቱ ነው። በሽታው የፊት ጡንቻን ስለሚያደርቅ ፈገግታው አይታይም። ሰላምታው ከልጅ ልጅ ተነስቶ እስከ ከብቱ ድረስ የሚሄድ ሰው ነበር እኮ! ዛሬ ገበያ ላይ "ልጆቹ ደቡብ አፍሪካ ስለገቡ ኮራ" ይሉታል።

ተማሪዎቼ ባዮሎጂ ክፍል ያወራነውን ታስታውሱ እንደሆነ፣ በሽታው ዶፓሚን የሚባለውን ኬሚካል የሚሠሩ የአንጎል ሴሎች እየሞቱ ሲሄዱ የሚመጣ ነው። ምልክቱ ጎልቶ የሚታየው ብዙዎቹ ካለቁ በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በሽታው እንዳለባቸው ገምቷል።

ወደ ነገሩ ልመለስ። ደቡብ አፍሪካ ያለው ታላቅ ወንድሜ አንድ ቪዲዮ ላከልኝ። ውጭ አገር ያለ የአንድ ክሊኒክ ማስታወቂያ ነው፤ ሰውየው ከዊልቸር ተነስቶ ይራመዳል። "ስቴም ሴል ነው፣ ይድናል። እኔ የምችለውን እልካለሁ፣ የቀረውን ባሕር ዛፉንና የላይኛውን ማሳ ሸጠን እንሙላ" አለ። "ጋሼ፣ ቆይ መጀመሪያ ልጠይቅ" ስለው ተቆጣ። "አባታችን እየደከመ አንተ ትጠይቃለህ?" አለኝ። አልፈርድበትም። በሩቅ ያለ ልጅ አባቱን የሚያገኘው በስልክ ነው፤ ድምፁ ከወር ወር ሲያንስ ይሰማዋል።

ጠየቅሁ፣ አነበብሁ። ስቴም ሴል ውሸት አይደለም፤ ይሄን መጀመሪያ ልበል። በኤፕሪል 2025 ኔቸር የሚባለው ትልቅ የሳይንስ መጽሔት ላይ ሁለት ሙከራዎች ታትመዋል። አንዱ የጃፓኑ ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሰባት ሕሙማን። ሌላው አሜሪካና ካናዳ ውስጥ የተደረገ ነው፤ አሥራ ሁለት ሕሙማን። ዶፓሚን ወደሚሠራ ሴል እንዲያድግ የተደረገ ስቴም ሴል የራስ ቅል ተበስቶ አንጎል ውስጥ ይቀመጣል። ሰውነት እንዳይገፋውም የመከላከል አቅምን የሚቀንስ መድኃኒት ለወራት ይወሰዳል። ከባድ ጉዳት አልታየም፣ የተወሰኑት እንቅስቃሴያቸው ተሻሽሏል። ደስ ይላል። ግን ሁለቱ ሲደመሩ አሥራ ዘጠኝ ሰው ነው! ዋና ዓላማቸውም "ጉዳት ያመጣል ወይ?" የሚለውን ማየት ነበር እንጂ "ያድናል" ማለት አልነበረም። (የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች "ከፅንስ ነው ወይ?" ብላችሁኛል። የአሜሪካው መነሻው ከፅንስ የተገኘ ሴል ነው። የጃፓኑ ግን የአዋቂ ሰው ሴል ወደኋላ ተመልሶ ነው፤ ሺንያ ያማናካ በ2012 ኖቤል የተሸለመበት ግኝት።)

ክሊኒኩንስ? በደም ሥር በመርፌ ነው የምንሰጠው አሉ። ውጤታችሁ የት ታተመ ስላቸው ሌላ ቪዲዮ ላኩ። በዚህ ሳምንት ቅድሚያ ከከፈልን ቅናሽ አለው። በቃ፣ እዚህ ላይ ነው የቀረው። እውነተኛ ሙከራ ላይ ያሉ ሐኪሞች በሽተኛውን መርምረው ይመርጣሉ፣ ስጋቱን በጽሑፍ ይነግራሉ፣ ማሳህን ሽጥ አይሉም።

ወንድሜ "ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?" አለ። ጥያቄው ልክ ነው። ማይክል ጄ. ፎክስ የሚባለው የፊልም ተዋናይ በ1999 የአሜሪካ ሴኔት ፊት ሲቀርብ ሆን ብሎ መድኃኒቱን ሳይወስድ ነው የገባው፤ በሽታው ምን እንደሚያደርግ ይዩት ብሎ። የምርምሩ ገንዘብ እንዲህ በሕሙማን ግፊት ጭምር ነው የመጣው። እኛም አገር ወ/ሮ ክብራ ከበደ አሉ። እሳቸው ራሳቸው ፓርኪንሰን ይዟቸው አዲስ አበባ ላይ የሕሙማን ድጋፍ ድርጅት መሥርተዋል። እንዲህ ያለ ሰው አደባባይ ወጥቶ "አሞኛል" ሲል፣ ሆሳዕና ላለ አባቴም ኩራት ሳይሆን በሽታ መሆኑን ተናገረለት ማለት ነው።

የእኛ ጩኸት ግን ከስቴም ሴል በፊት ስለ አንድ እንክብል ነው። ሌቮዶፓ ከካርቢዶፓ ጋር። ሌቮዶፓው ራሱ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለሕሙማን ሲሰጥ የኖረ፣ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ ነው። አይፈውስም፣ ሰውን ግን ያስነሳል። አባቴ በዋጠ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቁልፉን ራሱ ይቆልፋል። ባለፈው ዓመት ከተማችን ውስጥ ሲጠፋ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ አዲስ አበባ አምጥቻለሁ። በድንገት ማቋረጥ ደግሞ አደገኛ ነው። ሌላም ነገር አለ፤ ብዙዎቹ ቤተሰቦች አይነገራቸውም። ሥጋ፣ አይብና ወተት የመድኃኒቱን ሥራ ሊያዳክሙ ይችላሉ፤ እናንተም ሐኪማችሁን ጠይቁ። እኛ ቤት ጠዋት መጀመሪያ እንክብሉ፣ ቆየት ብሎ ወሳ፤ አተካናው ወደ ማታ ተዛውሯል። እናቴ አሁንም አልተዋጠላትም።

ወንድሜም ገና አልተዋጠለትም። ግን ማሳው አልተሸጠም፤ የላከውም ገንዘብ የስድስት ወር መድኃኒት ሆኖ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ።

አሁን የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። ሆሳዕና፣ ዱራሜ፣ ሾኔ፣ ሺንሺቾ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ መድኃኒቱ ሲገባም ሲያልቅም በኢንቦክስ ንገሩኝ። ቤታችሁ ወይ ጎረቤታችሁ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያለባችሁም ጻፉልኝ፤ ስም አልለጥፍም። እስካሁን አራት ቤተሰብ ሆነናል። አሥር ስንሞላ አንድ ላይ ሆነን ጤና ቢሮ እንገባለን፤ አባቴም እመጣለሁ ብሏል።