አፍንጫው ውስጥ ያለችው አንድ ብር

ባንክ እሠራለሁ፤ የምኖረውም ኮልፌ ቀራንዮ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር ነው። ጓደኞቼ በዚህ ሲቀልዱብኝ ዓመታት አልፈዋል። ቀን የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ግጥም እሞክራለሁ። ባለፈው መስከረም ግን ከሁለቱም የማይዛመድ ሥራ ጀመርሁ። ቴሌቪዥን ከታሸገበት ካርቶን የወጣ ነጭ ፎም በምላጭ ቀርጬ፣ በኮላ አጣብቄ፣ የኤፍ-5 ተዋጊ አውሮፕላን ምስያ ሠራሁ። ከእውነተኛው 20 ጊዜ ያንሳል፤ ርዝመቱ 72፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ደግሞ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሞተርም ሬዲዮም የለውም፤ በእጅ ተወርውሮ የሚንሳፈፍ ነው።

ኤፍ-5ን የመረጥሁት በአባቴ ምክንያት ነው። አባቴ በደብረ ዘይት አየር ኃይል የምድር ቴክኒሻን ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር፣ ከሶቪየት ሠራሾቹ ሚግ-21ዎች ጋር የገጠሙትን እነዚያን አሜሪካ ሠራሽ አውሮፕላኖች ለበረራ ካዘጋጁት እጆች መካከል የእርሳቸውም ነበሩበት። ስለዚያ ዘመን ግን አይናገሩም። ልጅ ሳለሁ ስጠይቃቸው «ሥራ ነበር» ብለው ዝም ይሉ ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት ሜዳ ወጣን፤ እርሳቸው በከዘራቸው፣ እኔ በአውሮፕላኔ። ወረወርሁት። አፍንጫውን ሽቅብ አነሣ፤ አንድ ነገር እንደ ረሳ ሰው አየር ላይ ቆም አለ፤ ከዚያ በጅራቱ ቁልቁል ወረደ። ደገምሁት፤ ያው ሆነ። በሦስተኛው የክንፉ ጫፍ ተሰበረ፤ የሰፈር ልጆች ሳቁ።

አባቴ አነሡት። ከክንፉ የፊት ጠርዝ የስፋቱን ሩብ ያህል ወደ ኋላ ለክተው ሁለት ጣቶቻቸውን ከሥር ደገፉበት። ጅራቱ ዘፍ አለ።

«የእውነተኛው አፍንጫ መድፍ ተሸክሞ ነበር፤ የአንተ ባዶ ነው። ኪስህ ውስጥ ምን አለ?»

አንድ ብር ሳንቲም ነበረች፤ በአንድ ገጿ የአንበሳ ራስ፣ በሌላው ሚዛን ያለባት። አፍንጫውን በምላጭ ሰንጥቀው ከተቷት፤ በፕላስተርም አሸጉት። እንዲበር በምፈልገው ነገር ላይ ክብደት መጨመሩ ግራ አጋባኝ። «ጅራቱ የከበደው ከነፋስ ጋር ይጣላል፤ አፍንጫው በልኩ የከበደው ግን ቢናወጥም ራሱን ይመልሳል። ካበዛህበት ደግሞ ይተከላል» አሉኝ። በሬዲዮ የሚታዘዙት ምስያዎችም ከዚህ ሕግ አያመልጡም፤ ሚዛኑን የሳተውን አውሮፕላን የተካነ እጅም ብዙ አያቆየውም።

እንደገና ወረወርሁት። ከልጆቹ አናት በላይ ቀጥ ብሎ ተንሳፈፈና በሣሩ ላይ በሆዱ ዐረፈ። ልጆቹ ጮኹ። አባቴ ግን አውሮፕላኑ ያለፈበትን ባዶ ሰማይ እያዩ ቀሩ።

«ማታ ማታ እንቆጥር ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ስንት ወጣ፣ ስንት ገባ።»

ይህን ቆጠራ ዐውቀዋለሁ። በእኛ ሥራ የወጣውና የገባው ካልገጠመ ማታ ሒሳብ አይዘጋም፤ ጉድለቱ ይፈለጋል፤ ካልተገኘ ገንዘብ ያዡ ይከፍላል። የዚያን ጉድለት ማን ይከፍላል? አውሮፕላናቸው ተመትቶ የተማረኩት አብራሪ ለገሠ ተፈራ ከሶማሊያ እስር የተፈቱት ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1980 ዓ.ም. ነው። ስማቸውን ሳነሣ አባቴ «እርሳቸውስ ገቡ» አሉኝ። ያልገቡትን በስም አልጠሩልኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳይዘጋ የቆየ መዝገብ ይዘው እንደ ኖሩ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ብቻዬን ሜዳ እወጣለሁ፤ ጉልበታቸው ከቤት አያስወጣቸውም። ስመለስ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል።

«ገባ?» ይሉኛል።

«ገባ፣ አባባ።»