ስለ ናፍቆት ደዌ

ሰው ካገሩ ሲወጣ ልብሱንና ስንቁን ይዞ ይወጣል፤ ክብሩን ግን ይዞ ሊወጣ አይችልም፤ ክብር ከሚያውቁት ሰዎች ዘንድ ይቀራልና። ይህን የተረዳሁት በዋሽንግተን ከተማ ከሚኖሩ አንድ የቅኔ መምህር ነው።

እኒህ መሪጌታ ባገራቸው ሳሉ ባለፉበት ሁሉ ደቀ መዛሙርት ይነሡላቸው ነበር። በስደት ግን ሌሊት ሌሊት የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ሆኑ፤ ልጆቻቸውም በአማርኛ ሲጠየቁ በእንግሊዝኛ ይመልሱላቸው ጀመር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፥ «የኔታ፥ እንደ ምን ሰነበቱ?» ብላቸው፥ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉና ጥቂት ቆይተው፥ «እንቅልፍ ግን ከተለየኝ ሦስተኛ ወሩ ነው» አሉኝ። እኔም እንደ መካሪ ሆኜ፥ «ይጸልዩ፥ ይበርቱ» ብዬ ወደ ጉዳዬ ሄድሁ። ለመሪጌታ ጸሎት ማስተማሬ ነበርና ያ ቃሌ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ከዚያ ወዲያ ከቤተ ክርስቲያን ቀሩ። በአራተኛው ሳምንት ከቤታቸው ብሄድ፥ መስኮቱ ተጋርዶ፥ እህል ሳይቀምሱ፥ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አገኘኋቸው።

ይህ ደዌ አዲስ አይደለም። ዳዊት በባቢሎን ወንዞች ዳር ስላለቀሱት ምርኮኞች ነግሮናል። በ1688 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ ዮሐንስ ሆፈር የሚባል የሕክምና ተማሪ በባዝል ከተማ ሆኖ፥ ካገራቸው ርቀው ስለሚታመሙ ሰዎች ጻፈ፤ መመለስና ሕመም ከሚሉት ከሁለቱ የግሪክ ቃላት አያይዞ ደዌውን «ኖስታልጂያ» ብሎ ሰየመው። መድኀኒቱም ወደ አገር መመለስ ነው አለ። ነገር ግን መመለስ የማይቻለው ሰው ምን ይሁን?

የንስሐ አባታቸው ነገሩን ሰምተው፥ «ጸበሉና ሕክምናው አይጣሉም» በማለት ራሳቸው ወደ ሐኪም ቤት ይዘዋቸው ሄዱ። ሐኪሙም በአስተርጓሚ ጠይቆ፥ ሕመም እንጂ የእምነት ጕድለት አለመሆኑን ነገራቸው፤ መድኀኒት አዘዘ፤ የሌሊቱንም ሥራ እንዲተዉ መከረ። ደብሩ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች እንዲያስተምሩ ለመናቸው። ከወራት በኋላ አንድ ሕፃን በተሰባበረ አማርኛ «የኔታ» ብሎ ሲጠራቸው ፈገግ ሲሉ አየሁ። ዛሬም እንቅልፍ የሚያጡበት ሌሊት አለ፤ ነገር ግን አይሸሽጉትም።

አባቶችና ወንድሞች ሆይ፥ «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ይገባል፤ ቢሆንም ብዙ ስደተኛ ኀዘኑን በዚሁ ቃል ይሸፍናል። ስለዚህ ከምስጋናው በኋላ ሁለተኛ ጊዜ እንጠይቀው፤ መልሱንም ሳንቸኵል ቆመን እንስማው።