ሕንፃውን የማይሸከም ግድግዳ

በግንባታ ሥራ ስኖር ለመሠረት፣ ለኮለንና ለሶሌታ ስጨነቅ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። ለክፍልፋይ ግድግዳ ግን ተጨንቄ አላውቅም። «ሕንፃውን የሚሸከመው እሱ አይደል» እያልኩ ለግንበኛው ትቼ እሄድ ነበር። በሙያው ካላችሁ ብዙዎቻችሁም እንዲሁ ያላችሁ ይመስለኛል።

አንድ ሕንፃ ላይ ምድር ቤቱ ቁመቱ 5 ሜትር የሆነ አዳራሽ ነበረው። አዳራሹን ከቢሮዎቹ የሚለየውን ግድግዳ በ15 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት አስገነባሁ። መሐሉ ላይ ማሰሪያ ቢም የለው፣ ቋሚ አርማታ የለው። ሶሌታው ሥር ሲደርስ ሙሉ ብሎኬት አልገባ ስላለ፣ ግንበኞቹ ስባሪ እየሰገሰጉ ክፍተቱን በሲሚንቶ ደፈኑት። እያየሁ ዝም አልኩ። ቱንቢው ልክ ነበር፤ ልስኑም ሲያልቅ ያምር ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ አካባቢ የሚነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ደጋግሞ ሲሰማ ባለንብረቱ ጠሩኝ። ግድግዳው ከሶሌታው ጋር በሚገናኝበት መስመር ከዳር እስከ ዳር ተላቅቋል። መሰላል ወጥቼ የሜትሬን ጫፍ ብሰደው ሰተት ብሎ ገባ። ከሥሩ የሠራተኞች ጠረጴዛ ተደርድሯል። ያን ጊዜም አልገባኝም፤ «ጠቅጥቃችሁ ሙሉትና ለስኑት» ብዬ ወጣሁ።

ነገሩን ያስረዱኝ አንድ አንጋፋ መሐንዲስ ናቸው። «ለመሆኑ ስንት ይመዝናል?» አሉኝ። አስልቼው አላውቅም። 6 ሜትር ርዝመት ላለው ለዚያ ግድግዳ ከልስኑ ጋር ከ6 ቶን በላይ ወጣ። መንቀጥቀጥ በግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል በክብደቱ ልክ ነው። ሕንፃውን ባይሸከምም የራሱን ክብደት ተሸክሞ ነው የሚወዛወዘው፤ አናቱን የሚይዝለት ከሌለ ደግሞ እግሩ ብቻ እንደተቀበረ አጥር ይሆናል። ጠቅጥቆ መሙላቱም ሌላ ጥፋት ነበር። ሶሌታው ሲረግብ ወይም ሕንፃው ወደ ጎን ሲሄድ፣ ያልታሰበለት ጭነት ግድግዳው ላይ አርፎ ይሰነጥቀዋል።

አናቱ ወደ ጎን እንዳይወድቅ መያዝ አለበት፣ ከላይ ግን መታፈን የለበትም። የሞላነውን አስፈልፍዬ በአናቱ ግራና ቀኝ አንጎላሬ ብረት አስገባሁ። ቡሎኑ የሚበሳው ሶሌታውን ብቻ ነው፤ ግድግዳውን አይነካም። ክፍተቱን በሚለመጥ ነገር ሞላነው፤ ቁመቱ ብዙ ስለሆነም ከወለል እስከ ሶሌታ ቋሚ ብረት ጨመርንበት። የእኛም የሕንፃ ኮድ ለእንዲህ ያሉ አካላት ስሌት ይጠይቃል። ኮዱ ያኔም ቢሮዬ ውስጥ ነበር፤ ያንን ምዕራፍ ገልጬው አላውቅም።

ጂፕሰም ቦርድስ? ቀላል ነው እያልን ከኮርኒሱ ጋር ብቻ እናስረዋለን፤ ኮርኒሱ ራሱ ተንጠልጣይ ነው። የአሜሪካ ደንብ ቁመቱ ከ1.8 ሜትር ያለፈ ክፍልፋይ ከዋናው የሕንፃ አካል ጋር እንዲታሰር፣ ማሰሪያውም ከኮርኒሱ ማሰሪያ የተለየ እንዲሆን ያዛል።

አሁን ቀድሞ ለሠራሁላቸው ባለንብረቶች እየደወልኩ ነው። አንዱ ወዲያው ፈቀዱ። ሌላው «ይኸው ቆሞ የለም እንዴ?» አሉኝ፤ ተከራይ እያለ ልስን ማፍረሱ ከብዷቸዋል። አልፈርድባቸውም፣ ቆሟል ብዬ ያስረከብኳቸው እኔ ነኝ። ለጊዜው እዚያ ከግድግዳው ሥር ያሉትን ጠረጴዛዎች ለማንሳት ተስማምተናል፤ ስለ አንጎላሬው ገና እየተከራከርን ነው።